ትልቅ ቁጥር የተጻፈበት መፍቻ ሁሉ ብሎን አይፈታም

ከሆለታ ተነስቶ በአዲስ ዓለም፣ በጊንጪ፣ በአምቦና በጉደር አድርጎ እስከ ባኮ የሚዘልቀውን መንገድ የሚመላለስበት ሰው መኪኖቹን በድምፃቸው ይለያቸዋል። ዕድሜያቸው ከሾፌራቸው የሚበልጥ ዲኤክሶች፣ ሦስትና አራት ባለቤት የቀያየሩ አባዱላዎች፣ እህልና ከብት የሚጭኑ አይሱዙዎች፣ አልፎ አልፎም አንድ ግትር ቮልስ። አዲስ አበባ ላይ ድምፅ አልባ የኤሌክትሪክ መኪና መታየት ከጀመረ ቆይቷል። ምዕራብ ሸዋ ግን ዛሬም የሚጓዘው በአሮጌ ሞተር ነው፤ ገና ለብዙ ዓመታትም እንዲሁ ይጓዛል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባትን እጅግ ውድ አደረገው። በጥር 2016 ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ ተሰማ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ሦስቱ ሲደማመሩ ትርጉማቸው አንድ ነው፤ ያለህን መኪና እያስጠገንክ ንዳ። ውሳኔዎቹ ትክክል ናቸው ወይስ አይደሉም የሚለው ክርክር እዚህ ቦታው አይደለም። የሚያከራክረው ሌላ ነው፤ ይህን ሁሉ አሮጌ ብረት መንገድ ላይ የማቆየት ሸክም የወደቀው በየከተማው ባለ ጋራዥና ጎሚስታ ትከሻ ላይ ሆኖ ሳለ፣ ስለሚይዘው መሣሪያ የሚናገርለት ሰው አለመኖሩ።

ከእነዚህ መሣሪያዎች አንዱ አሁን በየጋራዡ እየገባ ያለው በባትሪ የሚሠራ ብሎን መፍቻ ነው፤ ነጋዴው ኢምፓክት የሚለው። አሠራሩ ከድሪል ይለያል። ድሪል ያለማቋረጥ ያዞራል፤ ብሎኑ እምቢ ካለ የሚጠመዘዘው የያዘው ሰው ክንድ ነው። ኢምፓክት ግን ውስጡ መዶሻ አለው። ሞተሩ መዶሻውን እያዞረ በደቂቃ ከሺህ ጊዜ በላይ ያማታዋል፤ ምቱ ብሎኑ ላይ ያርፋል፣ እጅ ላይ የሚተርፈው ንዝረት ብቻ ነው። ለዓመታት ያልተነካ ዳዶ በእጅ ሲታገሉት የማይላቀቀው ለዚህ ምት ይሸነፋል።

በአየር የሚሠራው ታላቅ ወንድሙ ቀድሞም ነበር። ችግሩ ኮምፕረሰሩ ነው። አንድ ጎሚስታ ጎማ የሚነፋበት ትንሽ ኮምፕረሰር ለአየር መፍቻ አይበቃም፤ ሁለት ሦስት ዳዶ ፈትቶ ታንኩ ባዶ ይሆናል። ከፍታውም አለ። አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ 2100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው በአምስት እጅ አንድ ያህል የሳሳ ነው። ኮምፕረሰሩ ያንኑ ታንክ ለመሙላት ረዘም ላለ ጊዜ ይለፋል። ባትሪ ስለ ከፍታ ግድ የለውም። ስለዚህ ለምዕራብ ሸዋ ትንሽ ጋራዥ የባትሪው መምጣት እውነተኛ እፎይታ ነው፤ ተጎትቶ ያልመጣ፣ ገጠር መንገድ ላይ የቆመ መኪና ዘንድ በቦርሳ ይዞት መሄድ መቻሉ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው።

እፎይታው ግን ሶማሌ ተራ ላይ ይፈተናል።

መደርደሪያው ላይ የተደረደሩት ሳጥኖች ላይ 88፣ 128፣ 388 የሚሉ ቁጥሮች በትልቁ ተጽፈዋል፤ አጠገባቸው «ቪኤፍ» የሚሉ ፊደላት አሉ። ገዢው ቮልት ይመስለዋል። ነጋዴውም አያርመውም፤ ምናልባት እሱም አያውቅም። «ቪኤፍ» የሚባል የኤሌክትሪክ መለኪያ በዓለም ላይ የለም። እጀታው ላይ የሚሰካው ባትሪ ሲከፈት ብዙውን ጊዜ የሚገኘው አምስት የሊቲየም ሴል በተርታ ተያይዞ ነው። አንዱ ሴል በመደበኛው 3.6 ቮልት ነው፤ አምስቱ 18 ይሆናሉ። ሙሉ ሲሞላ አንዱ ወደ 4.2 ስለሚደርስ አምስቱ 21 ይሆናሉ። ታዲያ «18 ቮልት»፣ «20 ቮልት» እና «21 ቮልት» ተብለው የሚሸጡት በአብዛኛው አንድ ዓይነት ባትሪዎች ናቸው፤ ልዩነቱ የለካው ሰው ባትሪው ሞልቶ ይሁን በሥራ ላይ እያለ ነው። 388 ግን ከየትኛውም ልኬት አልመጣም። ይህን ለማወቅ ምህንድስና አያስፈልግም፤ የባትሪውን ጀርባ ገልብጦ በትንሹ የተጻፈውን ማንበብ ይበቃል።

ሁለተኛው ቁጥር የጉልበቱ ነው፣ በኒውተን ሜትር የሚጻፈው። እዚህም ላይ ብልሃት አለ። ታዋቂዎቹ አምራቾች ሁለት ቁጥር ይሰጣሉ፤ አንዱ የማጥበቂያ፣ ሌላው ከፍ ያለው የጠበቀ ብሎን የሚያላቅቅበት። ለምሳሌ ማኪታ ዲቲደብልዩ 300 የሚባለው መካከለኛ መፍቻ ሲያጠብቅ 330፣ ሲያላቅቅ 580 ነው። ከበድ ያለው ዲቲደብልዩ 1002 ሲያጠብቅ 1000፣ ሲያላቅቅ 1600 ነው። ሳጥን ላይ አንድ ቁጥር ብቻ ካለ፣ ያውም ለአንዲት ትንሽ መሣሪያ ከ1000 የሚበልጥ ከሆነ፣ ያ ቁጥር ማስታወቂያ ነው።

ታዲያ አሮጌ መኪና ስንት ይፈልጋል? የአሮጌ ኮሮላ የጎማ ዳዶ ፋብሪካው ያዘዘው ጥብቀት 100 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። የቮልስ የኋላ አክሲል ላይ ያለው ታዋቂው ባለ 36 ዳዶ 300 ገደማ። ዓመታት ሲያልፉ ለማላቀቅ የሚፈልገው ከዚህ ይጨምራል። ሆኖም አውሮፓና አሜሪካ ክረምት መንገድ ላይ ጨው ስለሚበተን ብሎን ከነ ቤቱ ይበሰብሳል፤ በኢንተርኔት የሚታዩት «1500 ካልሆነ አትግዙ» የሚሉ ምክሮች ከዚያ አገር የመጡ ናቸው። እዚህ ጨው የለም። ያለው የጊንጪ ጥቁር አፈር ነው፤ ክረምት ላይ ጎማ ውስጥ ተጋግሮ በጋ ላይ እንደ ሲሚንቶ የሚደርቅ። እሱን ደግሞ የሽቦ ብሩሽና አንድ ሌሊት ያደረ ላምባ ከጉልበት በላይ ያላቅቁታል።

አንድ ቀላል ሒሳብ ነገሩን ያሳያል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው መፍቻ ላይ በተሰካ አንድ ሜትር ቧንቧ ጫፍ ላይ ቢቆም ዳዶው ላይ የሚያርፈው 690 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። የጋራዡ ጥግ ላይ የተጣለችው ቧንቧ ከመካከለኛው ማሽን አታንስም ማለት ነው። ማሽኑ የሚሸጠው ፍጥነትና የመካኒኩን ወገብ ነው። ይህ ትንሽ አይደለም፤ በቀን 20 ጎማ የሚፈታ ሰው 40 ዓመት ሳይሞላው ወገቡን ይዞ ሲነሳ የታየበት ሙያ ነው። ነገር ግን ገንዘቡ ለምን እንደሚወጣ አውቆ ማውጣት ይሻላል፤ ለአውቶሞቢልና ለሚኒባስ ባለ ግማሽ ኢንች፣ ካርቦን የሌለው ሞተር ያለው፣ ሲያላቅቅ 500 እና 600 የሚደርስ መካከለኛ መፍቻ ከበቂ በላይ ነው። የቀረው ገንዘብ ለሌላ ነገር ይፈለጋል።

ያ ሌላ ነገር የዚህ ሁሉ ወሬ ዋናው ነጥብ ነው። ኢምፓክት መፍቻ ነው፤ ማጥበቂያ መሆን የለበትም። በየከተማው የሚታየው ግን ጎማው ተቀይሮ ዳዶው በዚያው ማሽን እስኪጮህ ድረስ ሲመታ ነው፤ ባለ መኪናውም «በደንብ አጥብቅልኝ» እያለ ደስ ብሎት ይከፍላል። 100 የሚበቃው ዳዶ 300 ሲሆን ብሎኑ ይለጠጣል፣ የፍሬን ዲስኩ ይጣመማል። የተለጠጠ ብሎን ያን ቀን አይበጠስም። በሚቀጥለው ወር ወይም በሚቀጥለው ጎማ ቅየራ ይበጠሳል፤ አንዱ ሲበጠስ ሸክሙ ለቀሩት ይተርፋል። 15 ሰው የጫነ ሚኒባስ የፊት ጎማው የሚያዘው በእንዲህ ዓይነት አምስትና ስድስት ብሎኖች ነው። አደጋው ሲደርስ ሪፖርቱ «የቴክኒክ ችግር» ይላል፤ ጎማውን ማን በምን እንዳጠበቀው የሚጠይቅ አይገኝም።

ስለዚህ 1000 የሚል ማሽን ለመግዛት የሚበደር መካኒክ በዚያው ገንዘብ መካከለኛ ማሽንና ጥብቀትን ለክቶ «ቀጭ» የሚል የእጅ መፍቻ ቢገዛ ለራሱም ለመንገደኛውም የተሻለ አደረገ። ይህን የሚቃወሙ አሉ። «ደንበኛ ይጣደፋል፣ ማን ቆሞ ይለካል?» ይላሉ። አንድ ጎማ በእጅ ለክቶ ማጥበቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ደንበኛው ለቡና ከዚያ በላይ ይቀመጣል።

ባትሪውን በተመለከተ፣ ገበያ ላይ ከሚፈጸመው ማታለል የሚበዛው እሱ ላይ ነው። 5 አምፒር አወር የተባለ ደህና ባለ 18 ቮልት ባትሪ ብዙውን ጊዜ አሥር ሴሎች አሉት፤ የሴሎቹ ክብደት ብቻ ግማሽ ኪሎ ሊደርስ ጥቂት ይቀረዋል፣ ከነ ልባሱ ከ600 ግራም ያልፋል። በእጅ ሲነሳ እንደ ባዶ ቆርቆሮ የሚቀል ከሆነ ውስጡ አምስት ሴል ነው፤ የተጻፈው ምንም ይሁን። ሚዛን ያለው ሱቅ በየቦታው ስላለ ማስመዘን ነውር የለውም። ሁለት ባትሪ መያዝም ግዴታ ነው። መብራት ጠዋት ሄዶ ማታ በሚመጣበት ከተማ አንድ ባትሪ ማለት እስከ እኩለ ቀን የሚሠራ ጋራዥ ማለት ነው። ከዚህ ጋር የሚያያዘው፣ መካኒኩ ቀድሞ ድሪል ወይም መቁረጫ ካለው፣ ያንኑ ባትሪ የሚቀበል መፍቻ መግዛት ነው፤ ሦስት ዓይነት ቻርጀር አንድ ማከፋፈያ ላይ ደርድሮ መብራት የሚጠብቅ ብዙ ነው። ታዋቂ ስም የተለጠፈበት ነገር ሁሉ የዚያ ፋብሪካ እንዳልሆነም ይታወቃል፤ ቀለሙ አንድ፣ ውስጡ ሌላ።

ብሎኑ ራስ ላይ የሚገባው ሶኬትም ጥቁሩ፣ ለምት የተሠራው መሆን አለበት። የሚያብረቀርቀው ኒኬሉ በምት ይሰነጠቃል፤ ስንጣሪው የሚሄደው ወደ ዓይን ነው።

አይሱዙ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የኤንፒአር ጎማ ዳዶ ጥብቀት ከ400 በላይ ነው፤ ባለ ግማሽ ኢንቹ መካከለኛ ማሽን እዚያ ላይ ይንጫጫል እንጂ አይደርስም። ለጭነት መኪና ብቻ የሚሠራ ጎሚስታ ከሆነ ባለ ሦስት አራተኛ ኢንች ያስፈልገዋል፤ አቅም ካጠረ ደግሞ ውስጡ ጥርስ ያለው፣ በእጅ እያዞሩ ጉልበቱን የሚያበዛው መፍቻ ያለ ባትሪ፣ ያለ መብራት ያንን ዳዶ ይፈታል። ቀድሞ በተሠሩት አይሱዙዎች ደግሞ የግራው ጎማ ጥርስ ተቃራኒ ነው። በሌላ መኪና የሚጠብቅበት አቅጣጫ እዚህ ይፈታል፤ ብሎኑ ጫፍ ላይ «ኤል» የምትል ፊደል ተቀርጻ ትገኛለች። ይህን ያላስተማሩት ተለማማጅ ወጣት በአዲሱ ማሽን የግራውን ዳዶ ሲፈታ የመሰለው ሁሉ እያጠበቀ ነው። ድሮ በእጅ ሲሆን ክንዱ ደክሞት ያቆም ነበር። ማሽን አይደክመውም፤ ብሎኑን ቆርጦ ይጥላል።

እዚህ ላይ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ስም መነሳቱ አይቀርም። የአውቶ መካኒክ ተማሪ ሞተር ፈትቶ መግጠም ተምሮ፣ ጥብቀት ለክቶ ማጥበቅን በተግባር ሳያየው ከወጣ ትምህርቱ ጎደለ። አምቦን ያህል የትምህርት ከተማ፣ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ፣ የአንድ ከሰዓት ሥልጠና ለጎሚስታዎቿ ማዘጋጀት አያቅታትም። ብድሩም እንዲሁ ነው። የቀድሞው የኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ፣ የዛሬው ሲንቄ ባንክ፣ ሌሎቹም አበዳሪዎች መሣሪያን ራሱን መያዣ አድርገው ቢያበድሩ የሚከስሩበት አይመስልም። እስከዚያው ያለው ዕቁብ ነው። አራት ጋራዦች በዕቁብ አንድ ከባድ ማሽን ገዝተው በተራ ቢጠቀሙበትና እያንዳንዳቸው የራሳቸውን መካከለኛና የራሳቸውን መለኪያ ቢይዙ፣ አራቱም ትልቅ ቁጥር የተጻፈበት ሳጥን ከሚሸከሙ ይሻላቸዋል።

ለሾፌሩ የቀረው ሥራ አንድ ነው። አዲስ የተገጠመ ጎማ ከተወሰነ ጉዞ በኋላ ጥቂት ይላላል፤ በደንብ የተለካውም ቢሆን። ስለዚህ አምቦ ላይ ጎማ ያስቀየረ አይሱዙ ወደ ነቀምቴ የሚወጣ ከሆነ ጌዶ ላይ ሻይ ሲጠጣ ወርዶ ዳዶዎቹን በእጁ መሞከር አለበት፤ የኋላው ድርብ ከሆነና ዳዶው የውስጥና የውጭ ከሆነ መጀመሪያ የውጩን አላልቶ፣ የውስጡን አጥብቆ፣ ከዚያ የውጩን መልሶ።