ዋንጫውን ያነሳው አምበል ማን ነበር?

መርሳ ላይ ቅዳሜ ከሰዓት ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ መቀመጫ ያገኘ ሰው ዕድለኛ ነው። እኛም ከነዚያ ዕድለኞች መሃል ነን። የአርሴናልን ተጠባባቂ በረኛ ስም ጠይቁን፣ ከነዕድሜው እንነግራችኋለን።

ባለፈው ሰሞን ታዲያ አንዱ ልጅ በዕረፍት ሰዓት ጥያቄ ወረወረብን። «ኢትዮጵያ አንዴ ብቻ የአፍሪካ ዋንጫ በላች። አምበሉ ማን ነበር?» ውርርዱ በሚሪንዳ ነው። ግማሾቻችን መንግሥቱ ወርቁ አልን። ሌላው ይድነቃቸው ተሰማ አለ (እሳቸው እንኳ አሠልጣኙ ነበሩ)። መልሱ ሉቺያኖ ቫሳሎ ሆነ። «ጣሊያን ነው እንዴ?» ብሎ አንዱ ሲስቅ ሁላችንም ሳቅን። ይችን ጽሑፍ ያስጻፈችን ያቺ ሳቅ ናት።

ሉቺያኖ ነሐሴ 9 ቀን 1927 ዓ.ም አሥመራ ተወለደ። አባቱ የጣሊያን ወታደር፣ እናቱ ኤርትራዊት። እሱ ገና ሕፃን ሳለ ፋሺስቶች ነጭና ጥቁር አብረው እንዳይኖሩ ሕግ አወጡ። እንግዲህ አስቡት፤ ጣሊያኑ የኔ አይለውም፣ ሐበሻውም «ክልስ» ይለዋል። ልጁ መካኒክነት ተማረ፣ ኳስም ተጫወተ። ኳሱ እስከ ድሬዳዋው ኮተንና እስከ ብሔራዊ ቡድን አደረሰው።

ከዚያ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም መጣ። ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ አዲስ አበባ ስታዲየም፣ ንጉሡ ተቀምጠዋል። በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያን 2 ለ 0 ከመመራት ተነስተን 4 ለ 2 አሸንፈናል። አሁን ግብፅ ናት። ሁለቴ መራችን። መጀመሪያ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ፤ ሁለተኛውን፣ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ ሉቺያኖ ራሱ አገባ። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ ጨመሩ። 4 ለ 2! ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው ያ «ጣሊያን» ነው።

ኋላ ብሔራዊ ቡድኑን አሠለጠነ። በደርግ ጊዜ ግን ተሰዶ ጣሊያን ገባ፤ መስከረም 6 ቀን 2015 ዓ.ም በ87 ዓመቱ እዚያው አረፈ። እኛ ያን ሳምንት ምን ስናይ ነበር? ማንቸስተር ይሆናል።

ነገሩን የስም ጥናት አስመስለን ልንተወው አሰብን። ግን አልቻልንም። ወልዲያ ያለው ያ የሚያምር ስታዲየም በጥር 2009 ሲመረቅ ስንቶቻችን በሚኒባስ ታጭቀን ሄድን! ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ በኅዳር 2010፣ ወልዲያ ከነማ ከመቀሌ ጋር ሊጫወት የነበረው ጨዋታ በግጭት ሳይካሄድ ቀረ። ሰው ከየት መጣህ ተባለ። የ1954ቱ አምበል ያን ቀን ከአሥመራ መጥቶ ወልዲያ ቢገኝ፣ ያን ስም ይዞ፣ እናስገባው ነበር? በሐቀኝነት እንመልስ።

«ጊዜው ሌላ ነበር» የሚሉን አሉ። አይደለም ወገኖቼ። ያኔም በስሙና በደሙ የሚያጉረመርም አልጠፋም። ግን ማልያውን አልነፈጉትም።

ሚሪንዳውን ከፍለናል። የሉቺያኖን ፎቶ፣ ዋንጫውን ሲቀበል ያለውን፣ አሳጥበን ዲኤስቲቪ ቤት ልንሰቅል ባለቤቱን ጠየቅን። ከአርሴናል ፖስተር አጠገብ ቦታ ሰጥቶናል። ፍሬሙን ግን እናንተ ትገዛላችሁ ብሏል፤ መዋጮ ጀምረናል።