እንዶድን ያየ ዓይን

ኩታበር ያደግን ልጆች እንዶድን የምናውቀው ከልብስ ማጠቢያ ነው። እናቶቻችን ፍሬውን ወቅጠው ጋቢ ሲያጥቡ እኛ በአረፋው እንጫወት ነበር። አረፋው ወንዙን ይዞ ሲወርድ ምን እንደሚያደርግ ግን ጠይቀን አናውቅም።

ዶክተር አክሊሉ ለማ ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ፣ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት ደግሞ ቀንድ አውጣዎች ናቸው! ከባልደረባቸው ከለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ለዓመታት ተመራመሩ፤ የአፍሪካን ቤተ ሙከራ ከሚጠራጠሩ ጋርም ታገሉ። “አማራጭ ኖቤል” የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ያገኙት በ1989፣ ከ25 ዓመት በኋላ ነው። በዚያው ዓመት የገበሬውን አገር በቀል ዘር ከመጥፋት ለመታደግ የደከሙት ዶክተር መላኩ ወረደም ተሸልመዋል።

እኛስ? የአርሴናልን ተሰላፊ ከነተቀያሪው እንዘረዝራለን፤ እነዚህን ስሞች ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? የሚቆጨን ሽልማቱ አይደለም፤ አረፋውን እኛም አይተነው ነበር። ስለ ቢልሃርዚያ ስንማር የአክሊሉ ስም አንድ ቀን ቢነሳልን ኖሮ፣ ምናልባት ከመካከላችን አንዱ ወደ ወንዙ ዝቅ ብሎ ያይ ነበር።

መምህራን ሆይ፣ ስማቸውን ጥሩልን። እናንተም ዛሬ ማታ እናታችሁን ጠይቁ፦ እንዶድ ሌላ ምን ይሠራል?