የመሥሪያ ቤት ኩራት ከየት ይመነጫል?

የመንግሥት ሠራተኛ በመሥሪያ ቤቱ የሚኮራው በምን ይሆን? በደመወዙ እንዳንል፣ ደመወዝ ስንት ቀን እንደሚያደርስ የቤት እመቤቶች ያውቁታል። በሕንፃው ትልቅነትም አይደለም። ኩራት የሚመነጨው የድካምን ፍሬ መድረሻ ከማወቅ ነው።

ከጎንደር ተነሥቶ በመተማ በኩል ገዳሪፍ የሚደርሰውን የ230 ኪሎ ቮልት የኤሌክትሪክ መስመር እንመልከት። መስመሩ በ2006 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የኢትዮጵያ ኃይል ወደ ሱዳን ተሻገረ። በመተማ ሐሩር ምሰሶ ላይ ወጥቶ ብሎን የሚያጠብቅ ሠራተኛ ገዳሪፍን አይቶ ላያውቅ ይችላል፤ የእጁ ሥራ ግን ድንበር ተሻግሮ ለማያውቀው ቤተሰብ መብራት ይሆናል። ይህን አለቃው ያስረዳው ሠራተኛ የመሥሪያ ቤቱን ስም ደረቱን ነፍቶ ይጠራል፤ ያልተነገረው ግን ብረት ብቻ ሲያጠብቅ ይኖራል።

የድንበር ጠባቂው ወታደርም ጉዳይ ከዚህ አይለይም። ነቅቶ ያደረበት ሌሊት ፍሬው የሚታየው ነጋዴው በሰላም ሲያልፍ፣ የገበሬው ሰሊጥ በሰላም ሲታጨድ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ «ምን ይዘህ መጣህ?» ከማለቷ በፊት «ዛሬ ለማን ደረስክለት?» ብላ ትጠይቀው። እርሱም በበኩሉ ልጆቹ በልተውና አጥንተው የሚያድሩት በማን ድካም እንደሆነ አይዘንጋ።