ጠጅ ከማር ይጣል

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ገጠሮች የአደይ አበባ ማር ሲቆረጥ ብዙው ከነሰፈፉ ወደ ጠጅ ይሄዳል። የአጣጣሉ ሥርዓት የታወቀ ነው። እንስራው በወይራ ይታጠናል፤ አንድ እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውሃ ይበረዛል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ጌሾ ይጨመርበታል። ሌላው የጊዜ ጉዳይ ነው፤ ባለሙያዋም አትቸኩልም።

ዳሩ ግን በጠጅ ንግድ ማርን በስኳር የመተካት፣ ብጫነቱንም በቀለም የማስመሰል ልማድ ተስፋፍቷል። ጠጪው የሚታለለው በአንድ ብርሌ ነው። ከባህላዊ ቀፎ በዓመት ከአምስትና ከስድስት ኪሎ ብዙም የማያልፍ ማር የሚቆርጠው ገበሬ ግን ዋጋውን ከስኳር ጋር እንዲያወዳድር ይገደዳል።

ማርን ከቅመም ጋር አሙቀው የሚጠጡት ፖላንዶች ለጠጃቸው መላ አበጅተውለታል። አንድ እጅ ማር በሁለት እጅ ውሃ የተጣለው «ትሩይኒያክ» ይባላል፤ ስሙም ከነመጠኑ በአውሮፓ ኅብረት በ2008 እ.ኤ.አ. ተመዝግቧል። ገዢው ስሙን ሲሰማ የማሩን ልክ ያውቃል።

በእኛም ዘንድ ጠጅ ቤቶች የማሩን መጠን በግልጽ እንዲለጥፉ ማድረግ ከባድ ሥራ አይደለም። በስኳር የተጣለውም ይሸጥ፤ ነገር ግን ጠጅ ተብሎ አይሁን። የየወረዳው የንግድ ጽሕፈት ቤቶች ከመጪው የማር ቆረጣ በፊት ሊነጋገሩበት ይገባል።