ቪዛው ከወጣ በኋላስ?

የንባብ ክፍል፦ ሉቃስ 2፥41-52



ወረታ የመንገድ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ በዚህ ያልፋል፤ ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ የሚወስደውም መንገድ ከዚሁ ይገነጠላል። መንገደኛ መሸኘት ለፎገራ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ዛሬ ደግሞ የአገራችን ተማሪዎች በስኮላርሺፕ ወደ ቻይና፣ ወደ ሕንድ፣ ወደ ቱርክና ወደ ሃንጋሪ ይሄዳሉ። ከመካከላችን እንዲህ ያለ ዕድል ያገኘ ወጣት ሲኖር ጾምና ጸሎት ይያዛል። ቪዛው ሲወጣ እልልታው ይቀልጣል፣ ምስክርነት ይሰማል፣ ሽማግሌዎች ይባርኩታል። ከዚያስ? ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ስሙ ከጸሎት ርእሱ ይወጣል። ጉዳዩ እንደ ተፈጸመ ይቆጠራል።

እኔ የምለው ይህ ነው፦ ቪዛ የጸሎቱ መልስ ሳይሆን የጸሎቱ መጀመሪያ ነው።

ልጁ ምን ይጠብቀዋል?

በታኅሣሥ ወር ወላጆቹ በፎገራ ሜዳ ፀሐይ ላይ ሩዝ ሲያጭዱና ሲወቁ፣ ልጃቸው ቡዳፔስት ውስጥ ከሆነ ፀሐይ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ትጠልቅበታለች። ክፍሉ ሲገባ የሚያናግረው ሰው የለም። ቋንቋው አይገባውም። ቤተ ሰቡ ደግሞ ስልክ ሲደውል "ተመቸህ ወይ?" ይለዋል። ለቲኬቱ ምን እንደ ተሸጠ ስለሚያውቅ "ከፋኝ" ለማለት አፉ አይታዘዝለትም። "ይመስገን፣ ደኅና ነኝ" ብሎ ይዘጋል። እሑድ ሲመጣ ማንም "የት ቀረህ?" አይለውም። ባለመሄዱ የሚታዘበው ሽማግሌ፣ የሚጠብቀው ኳየር የለም። እምነቱ የራሱ ይሁን ወይም የሰፈሩ የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

የአንድ ቀን መንገድ

በአውሮፓ የሚማር ተማሪ ሌላም ነገር ያገኛል። የሼንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው በሌሎቹ የሼንገን አገሮች በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ያለ ተጨማሪ ቪዛ መዘዋወር ይችላል። ከቡዳፔስት ቪየና በባቡር ከሦስት ሰዓት በታች ነው። ስለዚህ ተማሪዎች በቡድን ተሰብስበው ቅዳሜና እሑድን ጎረቤት አገር ያሳልፋሉ። ይህ በራሱ ኃጢአት አይደለም። የእግዚአብሔርን ዓለም ማየት መልካም ነው፤ ከልዩ ልዩ ሕዝብ ጋር አብሮ መብላትም ልብን ያሰፋል።

ነገር ግን የሉቃስን ታሪክ ልብ በሉ። ዮሴፍና ማርያምም በቡድን ነበር የሚጓዙት። ከበዓል እየተመለሱ ነበር፤ ዘመድ ወዳጅ ሁሉ አብሯቸው ነበር። ኢየሱስ ከተጓዦቹ ጋር ያለ መሰላቸውና የአንድ ቀን መንገድ ሄዱ። እርሱ ግን ኢየሩሳሌም ቀርቶ ነበር። ለማጣት አንድ ቀን በቃ፤ ያገኙት ግን ከሦስት ቀን በኋላ ነው።

ክፉ ነገር አላደረጉም። "አብሮን ነው" ብለው ስላሰቡ ብቻ ሳይፈልጉት ዋሉ። በውጭ ያለ ወጣትም ብዙውን ጊዜ እምነቱን የሚያጣው ክዶ አይደለም። አንድ እሑድ ቪየና፣ ሌላው እሑድ ብራቲስላቫ፣ ቀጥሎ ፈተና፣ ቀጥሎ ድካም። ፎቶው ላይ ሁሉም ይስቃሉ። ኢየሱስ ግን ከስንት ቀን በፊት እንደ ቀረ የጠየቀ የለም። ወላጆቹ ያደረጉትን ማድረግ ያኔ ነው፦ ጉዞውን አቁሞ፣ መጨረሻ ወደ ነበረበት ቦታ ተመልሶ መፈለግ።

እንግዲህ አይሂዱ?

አይደለም፤ ይሂዱ! በሜዳችን የሚታየው ሩዝ እንኳ በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ በመጡ ባለሙያዎች በኩል የተሞከረ ነው። ዛሬ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራችን ሆኗል። ከሩቅ የመጣ ነገር አገርን ይመግባል። በባርነት ተሸጦ ምፅዋ ላይ ነጻ የወጣው ኦኔሲሞስ ነሲብም ወደ ስዊድን ሄዶ ተምሯል። ሲመለስ መጽሐፍ ቅዱስን፣ ከአስቴር ጋኖ ትልቅ እገዛ ጋር፣ በኦሮምኛ ተርጉሟል፤ ሙሉው መጽሐፍ በ1899 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ያ ሁሉ ከአንድ ተማሪ ጉዞ የመጣ በረከት ነው።

ምን እናድርግ?

1. እንደ አንጾኪያ ቤተ ክርስቲያን እንላክ (ሐዋ. 13)። በርናባስንና ጳውሎስን ጾመው፣ ጸልየው፣ እጅ ጭነው ላኳቸው። ሲመለሱም ጉባኤው ተሰብስቦ ሰማቸው (ሐዋ. 14)። እኛ መሸኘቱን እናውቅበታለን፤ መጠየቁና መስማቱ ይቀረናል።

2. ከመሄዱ በፊት ኅብረት እናፈላልግለት። የአገራችን ወንጌላውያን ተማሪዎች ኅብረት (ኢቫሱ) አባል የሆነበት ዓለም አቀፍ ኅብረት ከ160 በላይ አገሮች ውስጥ ይገኛል። ዳንኤል እንኳ በባቢሎን ብቻውን አልቆመም፤ ሦስት ወዳጆች ነበሩት።

3. አንድ ቤተ ሰብ ኃላፊነት ይውሰድ። በሳምንት አንዴ ይደውልለት። "ዶላር ላክ" ከማለት በፊት "ምን እያነበብህ ነው? ከማን ጋር ትጸልያለህ?" ይበለው። "ከፋኝ" ቢልም አይደንግጥ፣ አይገሥጸው።

4. አንተ ተጓዡ፣ አንቺም ተጓዧ፦ የመጀመሪያው እሑድ ሳያልፍ ጉባኤ ፈልጉ። ጉዞ ስታቅዱ የአምልኮውን ሰዓት አስቀድማችሁ ያዙ። ኤርምያስ ለምርኮኞቹ እንደ ጻፈው፣ ለምትኖሩበት ከተማ ሰላም ጸልዩ (ኤር. 29)።

ይህን የምታነቡ፣ ጌታን ገና በመፈለግ ላይ ያላችሁም፣ ተስፋ አትቁረጡ። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ወንጌል የተሰበከለት ከአገሩ ውጭ በመንገድ ላይ፣ ሠረገላው ውስጥ እያነበበ ሳለ ነው (ሐዋ. 8)። እግዚአብሔር በመንገድ ላይ ያለን ሰው ያውቃል። ያላወቁትን ነገር መጠየቅም አያሳፍርም፤ ጃንደረባውም ጠይቆ ነው የተረዳው።

በዚህ ሳምንት በውጭ የሚማር አንድ ወጣት አስቡ። ስሙን ጠርታችሁ ጸልዩ፤ ከዚያም ደውሉለት።

አባት ሆይ፣ በሩቅ ያሉ ልጆቻችንን ጠብቅልን። ብቻቸውን ሲሆኑ ቅረባቸው፤ በብዙ ሰው መካከል ሲሆኑም አንተን እንዳይጥሉህ አስባቸው። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።

ተባረኩ!