ጡጦውን የሚያስጥለው ማን ነው?



ታናሿ ልጃችን ዓመት ከአራት ወር እስኪሆናት ድረስ ወተት የሞላ ጡጦ አፏ ውስጥ ካልገባ አትተኛም ነበር። ባለቤቴ «እናስጥላት» ስትል እኔ «ገና ሕፃን ናት» እላለሁ። እውነቱን ልናገርና ያዘንኩት ለልጅቷ ሳይሆን ለራሴ ነበር። የተማሪዎቼን ወረቀት የማርመው ማታ ስለሆነ ጸጥታ እፈልጋለሁ። እናቷ ከልክላት ስታለቅስ ተነሥቼ በድብቅ የሰጠሁባቸው ሌሊቶች ጥቂት አይደሉም።

አንድ ቀን ባለቤቴ ጥርሷን ስታጥባት ከላይኞቹ የፊት ጥርሶች ሥር ነጭ መስመር አየች። ሐኪሙ የጥርስ መበስበስ መጀመሪያ መሆኑን ነገረን። ልጅ ጡጦ እየጠባ ሲተኛ ምራቁ ስለሚቀንስ ወተቱ ጥርሱ ላይ ያድራል። በአፍ ውስጥ ያሉ ተህዋስያን የወተቱን ስኳር ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱ ጥርሱን ይበላል። ስኳር ያለበት ሻይ በጡጦ መስጠትማ የባሰ ነው! በዚያ ላይ የላም ወተት የብረት ማዕድኑ በጣም ጥቂት ነው። ቀኑን ሙሉ ወተት ሲጠባ የሚውል ልጅ የምግብ ፍላጎቱ ተዘግቶ ለደም ማነስ ይጋለጣል። ስለዚህም ሐኪሞች ከ6 ወር ገደማ ጀምሮ ኩባያ ማለማመድን፣ ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜም ጡጦውን ማስጣልን ይመክራሉ።

የእናት ጡት ሌላ ነው። ቁርኣን ማጥባትን መሙላት ለሻ ሁለት ሙሉ ዓመታትን ይጠቅሳል (አል-በቀራህ 233)። በዚያው አንቀጽ ጡት ማስጣል በሁለቱ ወላጆች መፈቃቀድና መመካከር እንዲሆን ተነግሯል። አንቀጹ ስለ ጡት ቢናገርም ያን ሰሞን ሳነበው ስለ ጡጦው አፈርኩ። ባለቤቴ ብቻዋን ትገነባ፣ እኔ ብቻዬን አፈርስ ነበር።

ተመካከርን። መጀመሪያ የምሳ ሰዓቱን ጡጦ አስቀረን፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ የጠዋቱን። ወተቱን ከምግብ ጋር በኩባያ አደረግነው። ክዳን ያለውን ኩባያ ነክሳ ጣለችው። የተመኘችው እናቷ ቡና የምትጠጣበትን ስኒ ነበር! እኛም የማይሰበር ትንሽ ኩባያ ገዛንና ሁለት ጉንጭ ያህል ብቻ እየቀዳን ሰጠናት። ቢደፋም ጥቂት ነው። (አንዴ የተደፋው በፈተና ወረቀቶቼ ላይ ነው፤ ተማሪዎቼ እስከ ዛሬ ይስቁብኛል።) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በቤታቸው ያደገውን ዑመር ቢን አቢ ሰለማን ቢስሚላህ ብሎ በቀኙ እንዲበላ ያስተማሩት በልጅነቱ ነው። እኛም ኩባያውን በቀኟ እያስያዝን «ቢስሚላህ» እንላለን፤ እሷ «ሚላ» ትላለች።

የማታው ግን ከበደ። ከእራት ጋር ወተቷን በኩባያ ትጠጣለች፤ ጥርሷ ይታጠባል፤ ከዚያ በኋላ ውሃ ብቻ። የማስተኛው እኔ ሆንኩ። በመጀመሪያው ሌሊት አንድ ሰዓት ያህል አለቀሰች፤ አቅፌያት አያተል ኩርሲይንና ሦስቱን አጫጭር ሱራዎች ደጋግሜ ቀራሁ። በሁለተኛው ሌሊት ለቅሶው አጠረ። በስድስተኛው ሌሊት አል-ፈለቅን ሳልጨርስ ተኛች፤ አልሐምዱሊላህ።

አሁን የቀረችው እናቴ ናት። «ልጅቱን አስራባችኋት» ትላለች፤ ቁም ሳጥኗ ውስጥም አንድ ጡጦ ደብቃለች። ጁሙዓ ስንዘይራት ከእሷም ጋር እንመካከራለን ኢንሻአላህ።