ሁሉም ሣር ነውን?

በጣና ዳር ቆሞ ወደ ውኃው የሚመለከት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «ይህ በጠርዙ የበቀለው ምንድን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ብዙውን ጊዜ የሚመልሰው «ሣር ነው» ብሎ ነው። ጥቂት የሚሻለው «ቄጤማ ነው» ይላል። ይኸው ተማሪ በሰው አገር ሐይቅ ዳር ስለ በቀለ ቢጫ አበባ የተገጠመውን የእንግሊዝኛ ግጥም ለፈተና አጥንቶ የአበባውን ስም ከነፊደሉ አሳምሮ ያውቃል። እኛ ይህን ነገር እንደ ቀላል አናየውም።

የሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን «ዕፀዋትን መለየት የእኛ ሥራ ነው፤ እናንተ የአርትስ ተማሪዎች ምን አግብቷችሁ?» ይሉ ይሆናል። ያገባናል። መለየት የሚጀምረው በስም ነው፤ ስም ደግሞ የቋንቋ ጉዳይ ነው። የላቲኑን ስም ለእነርሱ እንተውላቸው። ገበሬውና ዓሣ አስጋሪው በአፉ የሚጠራበትን ስም ሰብስቦ መጻፍ ግን ቋንቋ እንማራለን የምንለው የእኛ ዕዳ ነው።

ደግሞም መለየቱ እንደሚወራው ከባድ አይደለም። አገዳውን በሁለት ጣት ይዞ ማንከባለል ነው። ሦስት ማዕዘን ሆኖ አልንከባለል ካለ የደንገል ወገን ነው። በየበዓሉ ቤታችን የምንጎዘጉዘው ቄጤማም አብዛኛው ከዚሁ ወገን ስለ ሆነ የደንገል ታናሽ ወንድም ቢባል ያስኬዳል። አገዳው ክብ፣ አንጓ ያለውና ውስጡ ባዶ ከሆነ ሸምበቆ ነው፤ ዋሽንት በእጁ የያዘ ሰው ይህን አይስተውም። አንጓ ሳይኖረው ቅጠሉ እንደ ሰይፍ ረዥምና ጠፍጣፋ ሆኖ በጫፉ ላይ ቡናማ ዱላ የመሰለ ነገር የቆመበት ፊላ ነው፤ ያ ቡናማው ሲደርስ ይፈረፈርና እንደ ጥጥ በነፋስ ይበናል። ደንገል ራሱ ቅጠል የሌለው ለስላሳ አገዳ ነው፤ ቁመቱ ከ4 ሜትር ሊበልጥ ይችላል፤ በራሱም ላይ ጎፈሬ የመሰለ አረንጓዴ ጠጉር ይበተናል። ይህን አንድ ከሰዓት በኋላ በሐይቁ ዳር የዋለ ሰው ሁሉ ሊማረው ይችላል።

ይህን ሁሉ ያለ መምህር የሚያውቁት በሐይቁ ዳር የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነውና ደንገልን የሚያህል ለእነርሱ የለም። የጥንት ቋንቋቸው ግን ጠፍቶ ዛሬ አፋቸውን የሚፈቱት በአማርኛ ነው። ከዚያ ቋንቋ ጋር ስንት የውኃ ዳር ተክል ስም አብሮ እንደ ተቀበረ ማን ይነግረናል? ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ መንገደኛ አገራችንን አይቶ ከተመለሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ደንገል ከነሥዕሉ ጽፏል። የአገራችን ሊቃውንትም ቢሆኑ ዝም አላሉም፤ ከስዊድኑ የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብረው የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፀዋት መዝግበው እ.ኤ.አ. በ2009 በ8ኛው ቅጽ ፈጽመዋል። ታላቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን በእንግሊዝኛ ለባለሙያ የተጻፈ ስለ ሆነ በታንኳ ላይ ይዞት የሚወጣ የለም።

ስም አለማወቅ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለማየት እምቦጭን እንመልከት። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ፣ ከአማዞን ወንዝ አገር የመጣ ተንሳፋፊ አረም ነው። በኢትዮጵያ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ሲሆን፣ በጣና የታወቀው በ2011 ነው። በመካከሉ 46 ዓመት አለ! በዚያ ሁሉ ዘመን መልኩን ለደምቢያና ለፎገራ ገበሬ ለማሳየት ከአንዲት ሥዕል ሌላ ምን ያስፈልግ ነበር? አበባው ሐምራዊ ሆኖ በላይኛው ቅጠሉ ላይ ቢጫ ነጥብ ያለበት፣ እጅግ ያማረ ነው። የማያውቀው ሰው ቢያገኘው ለጌጥ ይወስደዋል እንጂ አይነቅለውም፤ በዓለም ላይ የተበተነውም በአብዛኛው ለጌጥ እየተባለ ነው።

ውኃው ረጋ ባለበት ስፍራ ነጭ ወይም ሰማያዊ አበባ የሚያወጣ ሌላ ተክል አለ። ይህኛው የአገሩ ነው። ሥሩ ከታች በጭቃው ውስጥ ተተክሏል፤ ክብ ቅጠሉ እስከ መካከሉ ተሰንጥቆ እንደ ሰፌድ በውኃው ላይ ይነጠፋል። የእምቦጭ ቅጠል ግን ከውኃው በላይ ይቆማል፤ ሥሩም ጥቁር ጠጉር መስሎ መሬት ሳይነካ ይንጠለጠላል። የቅጠሉ እጀታ እንደ ሽንኩርት ያበጠና ሲጨብጡት እንደ ስፖንጅ የሚሟሽሽ ነው። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ እምቦጭ ተጨናንቆ ሲበቅል ያ እብጠት ይጠፋና እጀታው ቀጥ ብሎ ይረዝማል። «እብጠት የለውም፤ ስለዚህ እምቦጭ አይደለም» የሚል ሰው ከማያውቀው ይብሳል።

በ2010 ዓ.ም. «ጣና ኬኛ» ብለው ከኦሮሚያ ድረስ መጥተው አረሙን በእጃቸው ለነቀሉት ወጣቶች፣ በ2013 ዓ.ም. በወር ሙሉ ዘመቻ ለተሳተፈውም ሕዝብ አክብሮታችን ታላቅ ነው። ሆኖም ዘመቻ ያልፋል። አረሙ ከእናቱ በሚዘረጋ ቀጭን ሐረግ ይራባል፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። አንዱን ቀድሞ ያየ ልጅ በአንድ እጁ ያወጣዋል፤ መስክ ከሞላ በኋላ ግን ሺህ ሰውም አይበቃውም። በሌላ በኩል ያገኘውን አረንጓዴ ሁሉ አረም ነው ብሎ የሚነቅል ሰው ሐይቁን ይጎዳል፤ የዓሣ ጫጩት የሚሸሸገው በደንገሉና በፊላው ሥር ነውና። ደንገሉ ደግሞ ዳርቻው እየታረሰ ከብዙ ስፍራ ተመናምኗል።

ስለዚህ የተማሪዎች ማኅበራችን በመጪው የክረምት ዕረፍት አንድ ሥራ እንዲጀምር እንጠይቃለን። ከአርትስና ከሳይንስ ሁለት ሁለት ሆነን ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ በየመንደሩ እየወረድን የታንኳ ሠሪውን፣ የዓሣ አስጋሪውንና የከብት ጠባቂውን ስም እንሰብስብ። አንዱ ተክል በዘጌ አንድ ስም፣ በደምቢያ ሌላ ስም ቢኖረው ሁለቱም ይጻፍ፤ የቱ ትክክል ነው እያሉ መከራከር ለኋላ ይቆይ። የሳይንስ ተማሪው የላቲኑን ስም ያክልበት። 30 ገጽ የማትሞላ፣ በኪስ የምትገባ መጽሐፍ ብትሆን ይበቃናል፤ ይህን መጽሔት የሚያባዛው መሣሪያ እርሷንም ማባዛት አያቅተውም። የመጀመሪያው ገጽ ለእምቦጭ ይሁን፤ ከነአበባውና ያለ አበባው፣ ካበጠ እጀታውና ከረዘመው ጋር አራት ሥዕል ያስፈልጋል። ሥዕል የሚችል ተማሪ ትምህርት ሳይዘጋ ስሙን ለመጽሔቱ አዘጋጅ ይስጥ።